በኪሎ የሚሸጠው የውሻ ምግብ ይታመናል? የማንንስ ምክር እንስማ?

የዚህ ክር መልሶች ስለበዙ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ መድረኩ አስተናጋጅ የተባለውን ከላይ እስከ ታች በራሴ አማርኛ አስቀምጬዋለሁ። ስድብ ያለባቸው መልሶች ተነስተዋል። ቁጥራቸው ግን እንዳለ ነው፤ ዘልዬ ካያችሁኝ በዚህ ምክንያት ነው። የመሰለኝንም በየመሃሉ ጣል አድርጌያለሁ።

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂው ሰሚት አካባቢ ነው የሚኖረው። የአራት ወር ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አለው። ለቀድሞ ውሻው ከውጭ የሚገባ የታሸገ ደረቅ ምግብ ይገዛ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን ዋጋው አልቀመስ አለ። አሁን ሰፈሩ ካለ ሱቅ፣ አፉ ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እያስመዘነ ይወስዳል። በዚህ ላይ መካሪው በዝቶበታል። ጎረቤቱ እንጀራና አጥንት ይበቃዋል ይሉታል። ቲክቶክ ላይ የሚከታተለው ሰው ደግሞ ደረቅ ምግብ መርዝ ስለሆነ ጥሬ ሥጋ ብቻ እንዲሰጠው ይመክራል። ያስከተበበት ክሊኒክ በበኩሉ መደርደሪያው ላይ ካለው ከረጢት ሌላ እንዳያስነካው አስጠንቅቆታል። የማንን ልስማ ነው ጥያቄው።

1ኛ መልስ። የሚጠበቀው መጣ። አባቶቻችን ውሻ ያሳደጉት በፍርፋሪ ነው፣ ከረጢት የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል። ላይኩን አፈሰው።

2ኛ መልስ። በትህትና የተጻፈ ግን ጠንካራ መልስ ነው። የምናስታውሰው ያደጉትን ውሾች ብቻ መሆኑን፣ ቡችላ ሆነው ያለቁትን ማንም እንዳልቆጠራቸው ጻፈ። ሌላም ነገር ጨመረ። የድሮው ውሻ ፍርፋሪ ብቻ አልበላም። ሥጋ ቤት ደጃፍ ይውላል፣ አይጥ ያድናል፣ የጎደለውን ከመንደር ይሞላል። ሰሚት ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውለው ውሻ ግን የተሰጠውን ብቻ ነው የሚበላው። የሰጠው ሰው ከተሳሳተ ማረሚያ የለውም። እኔን ያሳመነኝ ይህ ሁለተኛው ነጥብ ነው።

3ኛ መልስ። ከሜሪላንድ የጻፈች እህት፣ እህል የሌለበት ምግብ እንዲፈልግ መከረችው። በቆሎና ስንዴ ሆድ ለመሙላት ብቻ የሚገቡ ናቸው ባይ ናት። የእሷ ውሻ ጠጉሩ እንደሚያብረቀርቅም ፎቶ ለጠፈች። ውሻው በእውነት ያምራል።

4ኛ መልስ። እዚህ ጋ አዲስ አበባ ክሊኒክ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ገባች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ስላወጣው ማስጠንቀቂያ ጻፈች። እህል የሌለበት፣ በምትኩ አተር፣ ምስርና ድንች የበዛበት ምግብ የሚበሉ ውሾች ላይ የልብ ጡንቻ መሳሳትና መስፋት እየታየ ነው የሚል ነበር። በ2019 ሪፖርት የበዛባቸውን 16 የምግብ ስሞች ይፋ አደረጉ። በ2022 መጨረሻ ላይ ግን የመጣው ሪፖርት ምግቡ መንስኤ መሆኑን ለማረጋገጥ እንደማይበቃ ገልጸው፣ አዲስ ነገር ካልተገኘ በየጊዜው መግለጫ ማውጣቱን አቆሙ። የሐኪሟ ድምዳሜ መሃል ላይ ነው። መርዝ ነው ማለት አይቻልም፣ ይሻላል የሚያሰኝ ማስረጃም የለም። ምግብ አለርጂ የሚሆንባቸው ውሾችም ቢሆኑ ከስንዴ ይልቅ በብዛት የሚያስቸግራቸው የበሬ ሥጋ፣ ወተትና ዶሮ መሆኑን አከለች።

5ኛ እና 6ኛ መልስ። የሜሪላንዷ እህት ቅር አላት። የራሷ ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር እንዳላነሳባት፣ ሰው ባያስፈራሩ ጥሩ መሆኑን ጻፈች። ቀጥሎ አንድ ቀልደኛ ምስር ለልብ የማይሆን ከሆነ ጾሙን እንዴት እንደምንዘልቀው ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ውርጅብኝ አንስቼዋለሁ።

8ኛ መልስ። ምግብ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር የሚሠራ ሰው ነው። ለእኔ የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። ከረጢቱን ገልብጡት ይላል። ፊት ለፊት ያለው ተኩላና የሥጋ ሥዕል፣ ፕሪሚየም የሚለው ጽሑፍ፣ ሁሉም ማስታወቂያ ነው። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር ትገኛለች። ምግቡ የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነም የምትናገር። የአሜሪካ ከሆነ አፍኮ የሚባለውን የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር መስፈርት ትጠቅሳለች። ብዙ ሰው አፍኮ ምግቡን መርምሮ ያጸደቀ ይመስለዋል። አፍኮ አይመረምርም፣ አያጸድቅም። መስፈርት ያወጣል እንጂ፣ አሟልቻለሁ የሚለው አምራቹ ራሱ ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በወረቀት ቀመር ብቻ የተሠራ፣ ሌላው ለውሾች ተሰጥቶ የታየ። ለአዋቂ ውሻ የሚደረገው ሙከራ ቢያንስ 8 ውሾችን ይዞ 26 ሳምንት መቆየት አለበት። ብዙ አይደለም፣ ከምንም ይሻላል ግን።

ከዚያ ስለ ፕሮቲን ስሌት አስረዳ። ጣሳ ላይ 8 በመቶ፣ ደረቁ ላይ 26 በመቶ ስላያችሁ ጣሳው ደካማ ነው አትበሉ። ጣሳው 78 በመቶ ውሃ ከሆነ፣ ከቀሪው 22 እጅ ላይ 8ቱ ፕሮቲን ነው። ይህ 36 በመቶ ይሆናል። ደረቁ 10 በመቶ ውሃ ስላለው 29 በመቶ ግድም ላይ ነው የሚያርፈው። ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ የአፍኮ ዝቅተኛ መጠን ለአዋቂ ውሻ 18 በመቶ፣ ለቡችላ 22.5 በመቶ ነው።

9ኛ መልስ። ከፍራንክፈርት። የአውሮፓ ከረጢት ላይ አፍኮን ብትፈልጉ አታገኙትም። የዚያ ሕግ ምግቡ ለብቻው የሚበቃ ሙሉ ምግብ ነው ወይስ ከሌላ ጋር የሚሰጥ ተጨማሪ የሚለውን እንዲጻፍ ያስገድዳል። ተጨማሪ የሚለውን ዕለት ዕለት ብቻውን መስጠት ስህተት ነው። አጭር፣ ጠቃሚ።

10ኛ መልስ። ንዴት ያለበት ነው። ወረቀት ሁሉን ይሸከማል የሚል። የ2007ቱን (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጉድ አነሳ። ከቻይና የገባ የስንዴ ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን ዱቄት) ውስጥ ሜላሚን ተገኝቶ ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና እሽግ ከገበያ ተሰብስቦ ነበር። ጽሑፉ ላይ ግን ሁሉም አማን ነበር። ሰውዬው ትክክል ነው። ሜላሚን ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል ነው። ናይትሮጅን ይበዛበታል። ቤተ ሙከራ ደግሞ ፕሮቲንን የሚገምተው ናይትሮጅን ለክቶ ነው። ስለዚህ ርካሹ ዱቄት በወረቀት ላይ ፕሮቲን የጠገበ ሆኖ ታየ። ሜላሚኑ ሳያኑሪክ አሲድ ከሚባል ሌላ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ተጠራቀመ። በዓመቱ ቻይና ውስጥ ያው ማጭበርበር የሕፃናት ወተት ላይ ተደገመ።

11ኛ መልስ። የፋብሪካው ሰው ተመለሰ። ጽሑፉ ብቻውን እንደማይበቃ ተስማማ። ግን ጽሑፍ ያለው ከረጢት ሲበላሽ የምርት ቁጥሩ ይፈለጋል፣ ይሰበሰባል። ጽሑፍ የሌለውን ምን ብለህ ትሰበስበዋለህ? ወደ ጠያቂው ጆንያ የመለሰን ይህ ነው።

12ኛ መልስ። ሃያ ሁለት አካባቢ የምትኖር ሴት፣ እሷም በኪሎ ትገዛ እንደነበር ጻፈች። ጆንያው አፉ ወደ ውጭ ተጠቅልሎ በር ላይ ይቆማል። ውስጡ የፕላስቲክ ጆግ ተሰክቷል። በዚያው ጆግ የዶሮ መኖም ይቀዳል። ሻጩ አዲሱን ከላይ ስለሚደፋበት ታች ያለው መቼም አያልቅም። አንድ ቀን ከሥር የተቀዳላት ግማሹ ዱቄት ሆኖ መጣ። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ የቆየ ዘይት ይሸታል። ውሻዋ አሽትቶ ትቶት ሄደ። እሷ ተርቦ ይበላዋል ብላ አስቀምጣ ነበር፤ ባሏ ነው አውጥቶ የጣለው።

13ኛ መልስ። ሐኪሟ ባልየውን አመሰገነች። ውሻ ሁሉ ግን አሽትቶ አይተውም። ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ብትቀቅሉትም አይጠፋም። የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ የዓይንና የድድ ቢጫ መሆን ምልክቶቹ ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ስፖርትሚክስ የሚባለው ምግብ የተሰበሰበው በዚህ ነው። ከ110 በላይ ውሾች መሞታቸው ሪፖርት ተደርጓል። የተፈቀደው ከቢሊዮን 20 እጅ ብቻ ነው። እኛም አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተወስዶ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ አፍላቶክሲን ያልተገኘበት አንድም ናሙና አልነበረም። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነው።

14ኛ መልስ። ነጋዴ ነኝ የሚል ሰው ቱግ ብሎ ገባ። እናንተ ሙሉ ጆንያ መግዛት የማይችሉ ሰዎችን ውሾች በረሃብ ልትጨርሱ ነው የሚል ነው ባጭሩ። የሐኪሟ ክሊኒክ ስንት እንደሚያተርፍም እንድትናገር ጠየቃት። ስድቡን ቆርጬ ሐሳቡን ትቻለሁ፣ ምክንያቱም ቁም ነገር አለው። እሱ ጆንያ የሚከፍተው አንዱ ሲያልቅ ብቻ ነው። ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ከነጆንያው ያስቀምጠዋል። የጠየቀ ሰው ቀኑን አንብቦ ይገዛል። ሁሉም ሻጭ አንድ አይደለም ማለቱ ተገቢ ነው።

15ኛ መልስ። ሐኪሟ አልሸሸችም። ክሊኒኩ ከሚሸጠው ከረጢት እንደሚያተርፍ፣ ስለዚህ እሷም መጠየቅ እንዳለባት ጻፈች። የዓለም የትንንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ያወጣቸውን ጥያቄዎች ዘረዘረች። ቀመሩን የሚያወጣው ማነው፣ በሥነ ምግብ የተማረ ነው? ፋብሪካው የራሱ ነው ወይስ በሌላ ያሠራል? ጥራቱን እንዴት ይፈትሻል? በኪሎ ስንት ካሎሪ አለው? ጽፋችሁ ስትጠይቁ መልስ የማይሰጥ አምራች ራሱ መልስ ሰጥቷል። ነጋዴው ይህን ላይክ አደረገ። እኔም ገርሞኛል።

16ኛ መልስ። ጠያቂው ከሱቁ ተመልሶ ጻፈ። ጆንያውን አሳየኝ ሲለው ሻጩ ከጓሮ አወጣለት። የሚያበቃበት ቀን አላለፈም። ግን ለአዋቂ ውሻ ብቻ የሚል ተጽፎበታል። ቡችላው ሲበላ የከረመው ያንን ነው። በኪሎ ሲመዘን ይህች ቃል ጆንያው ላይ ትቀራለች። ከሻጋታው ይልቅ ይህ ነው እኔን ያሳሰበኝ፣ ምክንያቱም ምንም ያልተበላሸ፣ ታማኝ ሻጭ የሸጠው ምግብ እንኳን ለዚህ ውሻ ልክ አልነበረም።

17ኛ መልስ። ሐኪሟ፦ ለጀርመን ሼፐርድ ቡችላ የሚል ብቻም አይበቃም። ሲያድጉ 70 ፓውንድ፣ ማለትም 32 ኪሎ ግድም ወይም ከዚያ በላይ ለሚደርሱ ቡችሎች እንደሚሆን ጽሑፉ መናገር አለበት። ምክንያቱ ካልሲየም ነው። ሲያንስ አጥንቱ ይሳሳል። ሲበዛ ደግሞ ገና ቡችላ ስለሆነ ትርፉን መመለስ አይችልም፣ መገጣጠሚያው ይጣመማል። ለእነዚህ ጣሪያው፣ ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ፣ 1.8 በመቶ ነው። ቡችላ ነው ብሎ የካልሲየም ዱቄት መጨመር ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

18ኛ እስከ 22ኛ መልስ። የጥሬ ሥጋ ጦርነት። አንድ ልጅ ተኩላ ምን ማብሰያ አለው ብሎ ጀመረ። ሐኪሟ፣ ተኩላ ሥጋ ብቻ ሳይሆን አጥንቱንም ቆዳውንም እንደሚበላ መለሰች። ለስላሳ ሥጋ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእሱ ብቻ ያደገ ቡችላ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይመዛል፣ እግሩ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። ልጁ ሐኪሞች ሁሉ በካምፓኒ የተገዙ ናቸው አለ። በዚህ ላይ አንድ ሰው ሥጋ ቤት በነጻ የሚሰጠውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን እንደሚያበላ ሲጽፍ፣ ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏ ጠነከረ። በጉም በሬም ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታክል ትል ትሆናለች። እንቁላሏ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ጠጉሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ውሻውን ያቀፈ ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያበጠው ከረጢት በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ደህና የሚመስለውንም በደንብ ቀቅሎ መስጠት፣ ውሻውንም በሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት ማስዋጥ ነው መፍትሔው።

አንዱ ይህ ያው ኮሶ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይደለም። ከጥሬ የበሬ ሥጋ ሰው የሚይዘው ኮሶ ሌላ ትል ነው፣ በውሻ በኩልም አይመጣም። ከዚህ በኋላ ክሩ ለረጅም ጊዜ ስለ ክትፎ ሆነ። ለብለብ ወይስ ጥሬ የሚለውን ክርክር ወደ ምግብ ቤቶች ክፍል አዛውሬዋለሁ።

24ኛ መልስ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዐቢይ ጾም ሰፈሩ ያሉ ሥጋ ቤቶች 55 ቀን ይዘጋሉ። አጥንትና ትርፍራፊ ይጠፋል። የእሱ ውሻ በየዓመቱ ፋሲካ ላይ ጎድኑ ወጥቶ ነው የሚደርሰው።

25ኛ መልስ። አንዲት እናት፣ እነሱ ቤት ውሻው ቤተሰቡ ሲጾም አብሮ ሽሮ እንደሚበላ በኩራት ጻፉ። 26ኛው መላሽ፣ ታዲያ ውሻው የሚቆርበው መቼ ነው ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ልጄ በአምላክ ስም አትቀልድ አሉት። ይቅርታ ጠይቋል።

27ኛ መልስ። ሐኪሟ ለእናትየው በእርስዎ እያለች ጻፈች። ሽሮው ላይ የሚያሰጋት ጾሙ ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም ቢፈጭም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ከሰውነቱ ክብደት 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት አንድ ጊዜ መብላት ይበቃዋል። ለ10 ኪሎ ውሻ 50 ግራም ነው፣ አንድ ትንሽ ራስ። ለጾም ወቅት አስቀድሞ የተቀቀለ ሥጋ በፍሪዘር ማስቀመጥ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከሩዝ ጋር መስጠት ጊዜ ያሻግራል። በዚያው ግን ሙሉ ምግብ አይሆንም።

28ኛ መልስ። የፋሲካ ማግስት ውሻው የዶሮ ወጥ ድስት ገልብጦበት የነበረ ሰው መሰከረ። በዕለቱ እንደጠገበ ተኛ፣ ቤተሰቡ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ ኮካ መሰለ። የሄደበት ክሊኒክ የወባ ዓይነት በሽታ ነው ብሎ መርፌ ወጋው፤ ሌላ ቦታ ሲወስደው ነው ምን በላ ተብሎ የተጠየቀው። ተረፈ። የዶሮ አጥንቱም ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚበሳ ሌላ ዕድል ነበር። በዚሁ ሰበብ ከታች ያሉት ለውሻ መርዝ ናቸው ብለው ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ጨመሩበት። ሦስቱም እውነት ናቸው።

30ኛ መልስ። ከኢንተርኔት ያገኘውን የቤት አሠራር የለጠፈ ሰው አለ። ሩዝ፣ ካሮት፣ የዶሮ ፈረሰኛ። 31ኛው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጥናት አመጣበት። ከመጽሐፍና ከድረ ገጽ 200 አሠራር ተሰብስቦ ሲታይ፣ 95 በመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይጎድለው ነበር። አንዳንዶቹን የጻፏቸው የእንስሳት ሐኪሞች ነበሩ። የሐኪሟ ምላሽ አጭር ነው፦ ቤት መሥራት ይቻላል፣ ግን በግራም የተመዘነና የሥነ ምግብ ባለሙያ ያየው ይሁን። አዋቂ ውሻ ይታገሳል፣ ቡችላ አይታገስም።

33ኛ መልስ። ጠያቂው ውሳኔውን ጻፈ። ሰፈሩ ካሉ ሁለት የቡችላ ባለቤቶች ጋር አዋጥተው አንድ ሙሉ፣ የታሸገ፣ ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የሚል ከረጢት ይገዛሉ። በገዙበት ቀን ይካፈሉታል። የከረጢቱን ጀርባ ሦስቱም በስልክ ፎቶ ያነሳሉ፣ የምርት ቁጥሩ እንዳይጠፋ። ለጎረቤቱ ምን እንደመለሰ አልነገረንም።

34ኛ እና 35ኛ መልስ። ያው ሰሚት የሚኖር ሌላ ሰው አራተኛ ሆኖ መግባት ይቻላል ወይ አለ። ቀጥሎ አንዷ ከዚሁ ላይ ለድመቷ መስጠት እንደምትችል ጠየቀች። አትችልም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንደ ውሻ በበቂ መጠን ራሷ ስለማታዘጋጅ፣ በውሻ ምግብ ብቻ ከቆየች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። የድመቱን ጥያቄ አዲስ ክር ከፍቼለታለሁ፣ እዚያ ቀጥሉ።